ምንም ሳይቀይር «ተሳካ» የሚል ስክሪፕት
ቢልድ ላይ የኮንፊግ ፋይሎችን በራስ-ሰር ስለ ማስተካከል ለዴቨሎፐሮች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሏል

ጤና ይስጥልኝ። ሰዓታችን አጭር ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ፕሮግራሙ ቢልድ ሲደረግ፣ ማለትም ከኮድ ወደሚወጣ ፕሮግራም ሲቀየር፣ አንድ የኮንፊግ (የቅንብር) ፋይል ውስጥ የሆነ ነገር መቀየር አለበት። የዲበግ (የስህተት መፈለጊያ) ማብሪያው ይጠፋል፣ የቨርዥን ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ የሰርቨሩ አድራሻ ከመሞከሪያው ወደ ዋናው ይዞራል። በእጅ ቢሠራ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ሰው ይረሳል፤ በተለይ ሥራ ሲጣደፍ ይረሳል። ስለዚህ አንዱ ይነሳና ቢልዱ ውስጥ አንድ መስመር ስክሪፕት ይጨምራል። መስመሩ ይሠራል። ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ፋይል መቀየር ቀላል ነው። ለመቀየሩ ማረጋገጫ ማግኘት ግን አብዛኛው ስክሪፕት ዘሎት የሚያልፈው ሥራ ነው። ዛሬ የምሟገተው ለዚህ ለተዘለለው ነው።

መስመሩን ቀረብ ብለን እንየው። ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ሴድ በሚባል፣ ጽሑፍ ፈልጎ በሚተካ የትእዛዝ መሣሪያ ነው። ሴድን ሊ ማክማሆን ቤል ላብስ ውስጥ የሠራው በ1973 እና በ1974 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ እቆጥራለሁ)፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያልተጫነበት የሊኑክስ ቢልድ ሰርቨር ማግኘት ይከብዳል። ትእዛዙ «ዲበግ=ትሩ የሚለውን ፈልገህ በዲበግ=ፎልስ ተካ» የሚል ነው እንበል። ዛሬ ፋይሉ ውስጥ ያ ጽሑፍ እንዳለ ስላለ ይተካል። ከወራት በኋላ አንድ ባልደረባ ፋይሉ ለዓይን ይመች ብሎ ከእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ ይጨምራል። በቅንነት ነው፤ ፋይሉን ለሚያነበው ፕሮግራምም ምንም ለውጥ የለውም። ለሴድ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ያነባል፣ የተባለውን ያጣዋል፣ ፋይሉን እንደነበረ መልሶ ይጽፈዋል፣ ከዚያም ኤግዚት ኮድ (ሲጨርስ የሚመልሰው ቁጥር) ዜሮ ሰጥቶ ይወጣል። ዜሮ ማለት «በሰላም ጨርሻለሁ» ነው። ቢልዱ አረንጓዴ ያበራል። ዲበጉ እንደበራ ፕሮግራሙ ተጠቃሚ እጅ ይገባል።

ሴድ አጠፋ ማለቴ አይደለም። የተሠራው በፊቱ የሚያልፈውን ጽሑፍ እያስተካከለ እንዲያሳልፍ ነው፤ የሚስተካከል ነገር ማጣት ለሱ ጥፋት ሆኖ አይቆጠርም። ሌሎቹ እንደሱ አይደሉም። ጽሑፍ ፈላጊው ግሬፕ የፈለገውን ሲያጣ 1 ይመልሳል፤ ዜሮ አይደለምና «አልተሳካም» ማለት ነው። ላሪ ዎል በ1985 ያወጣው ፓች ደግሞ የሚቀየረውን መስመር ከነጎረቤቶቹ ይዞ ይመጣል፤ ጎረቤቶቹ ካልገጠሙለት ያልገባውን ክፍል ለብቻው ፋይል አስቀምጦ 1 መልሶ ይወጣል። ቢልድ ላይ ፋይል የሚነካ መሣሪያ ስትመርጡ መጀመሪያ ጠይቁ፦ የምፈልገውን ሲያጣ ምን ያደርጋል? ፍጥነቱና የአጻጻፉ ውበት ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

ሴድን መተው ካልቻላችሁ፣ እኔም ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም፣ ከመተካታችሁ በፊት ቁጠሩ። የሚፈለገው ጽሑፍ ፋይሉ ውስጥ ስንት ጊዜ አለ? መልሱ አንድ ካልሆነ ቢልዱ ይውደቅ። ዜሮው ላይ ሰው ቶሎ ይስማማኛል፤ ሁለት ሲሆን ለምን ይወድቃል የሚል ክርክር ግን አይጠፋም። ፖርት (የአገልግሎት መግቢያ ቁጥር) 80ን ወደ 90 ለመቀየር የተጻፈ መስመር አስቡ። እዚያው ፋይል ውስጥ 8080 የሚል ሌላ ፖርት ካለ «80» እሱም ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀምጧል። «ሁሉንም ተካ» ከተባለ 9090 ይሆናል፤ «በየመስመሩ የመጀመሪያውን ብቻ» ከተባለ 9080። ሁለቱም ደህና ፖርት ይመስላሉ፤ ፋይሉን የሚያነበው ፕሮግራምም አያጉረመርምም። ነገሩ የሚታወቀው ሌላው አገልግሎት የሚያነጋግረው ሲያጣ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማንም ሰው ቢልድ ስክሪፕቱን አይጠረጥርም።

የሚተካው ዋጋም የራሱን ተንኮል ይዞ ይመጣል። ሴድ ውስጥ በተኪው ጽሑፍ ላይ የ& ምልክት ካለ «ያገኘኸውን ጽሑፍ እዚህ ድገመው» ማለት ነው። የዳታቤዝ አድራሻዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ጫፋቸው ላይ በ& የተያያዙ አማራጮች አሏቸው። ቦታ ያዡን (በኋላ በዋጋ እንዲተካ የተቀመጠውን ጽሑፍ) በእንዲህ ያለ አድራሻ ስትተኩት በ& ፋንታ ቦታ ያዡ ራሱ አድራሻው መሀል ተመልሶ ይገባል። አድራሻው ውስጥ ሰያፍ መስመር ሲኖር ግን ሴድ አብዛኛውን ጊዜ ትእዛዙ ግራ ገብቶት ይጮሃል። እኔ የሚጮኸውን ስህተት ሁሌም እመርጣለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ለማክ ተጠቃሚዎች አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። ፋይሉን እዚያው በቦታው የሚቀይረው የሴድ አማራጭ በሊኑክስና በማክ አንድ ዓይነት አይደለም። የማኩ ሴድ ከአማራጩ ቀጥሎ የመጠባበቂያ ቅጂውን ቅጥያ ይጠብቃል። የሊኑክሱን አጻጻፍ እንዳለ ስትሰጡት ቀጣዩን አማራጭ እንደ ቅጥያ ይወስደዋል። ፎልደራችሁ ውስጥ ስማቸው በሰረዝና በአንድ ፊደል የሚያልቅ እንግዳ ፋይሎች አይታችሁ ከየት እንደመጡ ካልገባችሁ፣ ከዚህ ነው የመጡት።

አሁን የምትሉትን አውቃለሁ፦ «ፋይሉን እንደ ጽሑፍ ማየት ትተን እንደ መዋቅር እናንብበው፣ ችግሩ ያልቃል።» ግማሹ ያልቃል። ክፍት ቦታና የመስመር አቀማመጥ አያስጨንቃችሁም። ዝምታው ግን አብሯችሁ ይሄዳል፤ መልኩን ብቻ ይቀይራል።

ኤክስኤምኤልን፣ መረጃውን ኤለመንት በሚባሉ መለያዎች የሚጽፈውን የፋይል ዓይነት፣ እንውሰድ። የማይክሮሶፍቱ ቢልድ መሣሪያ ኤምኤስቢልድ ከ4.0 ቨርዥን ጀምሮ ኤክስኤምኤል-ፖክ የሚባል ተግባር አለው፤ የሚቀየረውን ቦታ በኤክስፓዝ (የኤክስኤምኤል ቦታ ማመልከቻ ቋንቋ) ትነግሩታላችሁ፣ አዲሱን ዋጋ ትሰጡታላችሁ። ፋይሉ ላይኛው ኤለመንት ላይ ነባሪ ኔምስፔስ (ኤለመንቶቹ የሚመደቡበት የስም ክልል) ከተጻፈበት ግን ያለ ቅድመ ቅጥያ የጻፋችሁት የኤለመንት ስም ምንም አያገኝም። ኤክስፓዝ 1.0 በ1999 ሲወጣ ቅድመ ቅጥያ የሌለው ስም «ኔምስፔስ የሌለው ኤለመንት» ማለት ነው ተብሎ ተደንግጓል። ዓይናችሁ ፋይሉ ላይ ኤለመንቱን ያየዋል፤ ኤክስፓዙ አያየውም። ተግባሩም ስንት ቦታ እንደተካ መልእክት ጽፎ፣ ቁጥሩ ዜሮ ቢሆንም እንደተሳካ ተቆጥሮ ያልፋል። ከቪዥዋል ስቱዲዮ 2010 ጋር የመጣው የዌብ ኮንፊግ ትራንስፎርም ትንሽ ይሻላል፤ የሚገጥም ኤለመንት ሲያጣ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ግን በሺህ መስመር የቢልድ ሎግ ውስጥ አንድ ማስጠንቀቂያ ማን ያነባል? ማስጠንቀቂያውን ወደ ስህተት የሚያሳድግ ቅንብር ካላበራችሁ እንደሌለ ቁጠሩት።

ጄሰን በሚባለው የቁልፍና የዋጋ ፋይል ዓይነት ላይ ሁላችሁም የምትወዱት ማስተካከያ መሣሪያ ጄኪው አለ። እሱ ደግሞ ተቃራኒ ጠባይ አለው፦ ዋጋ የምትሰጡት ቁልፍ ከሌለ ይፈጥረዋል። አንድ ፊደል ብትስቱ አሮጌው ቁልፍ ከነአሮጌው ዋጋ ይቆያል፣ አጠገቡ ማንም የማያነበው አዲስ ቁልፍ ይወለዳል። ፋይሉ ስለተቀየረ «ተቀይሯል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ፍተሻ እንኳ ይታለላል። ለዚህ የተሻለው መልስ፣ በኔ ዕይታ ከሚገባው በታች የሚታወቀው፣ በ2013 በአርኤፍሲ 6902 (የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ) የተደነገገው ጄሰን ፓች ነው። እዚያ ውስጥ «ተካ» የሚለው ትእዛዝ የሚተካው ነገር ቀድሞ እንዲኖር ያስገድዳል። ከዚያም አልፎ «ፈትሽ» የሚባል ትእዛዝ አለው፦ «እዚህ ቦታ ያለው ዋጋ ይሄ ነው፣ ካልሆነ ተው» ትሉታላችሁ። ከትእዛዞቹ አንዱ ከወደቀ ጠቅላላው እንደወደቀ ይቆጠራል፤ በግማሽ የተቀየረ ፋይል የለም። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ጄሰን መርጅ ፓች ለዓይን ይቀላል፣ ግን ነል (ባዶ) የሚለውን ዋጋ «ይህን ቁልፍ አጥፋ» ብሎ ስለሚረዳ አንድን ቁልፍ ነል ማድረግ ብትፈልጉ መንገድ የላችሁም።

ስለ ሌላው የኮንፊግ ፋይል ዓይነት፣ ስለ ያምል፣ ብዙ አልልም፤ የደረሰበት ያውቀዋል። በ1.1 ደንብ የሚያነብ ፓርሰር (ፋይል አንባቢ) ያለ ጥቅስ የተጻፈችውን የኖርዌይን የሀገር ኮድ፣ NOን፣ «አይደለም» ብሎ ፎልስ ያደርጋታል። ቨርዥን 1.10ም ያለ ጥቅስ ከተጻፈ ቁጥር ነውና 1.1 ሆኖ ይመለሳል። ቢልድ ላይ ያምል አንብቦ መልሶ የሚጽፍ ስክሪፕት ካላችሁ ያልነካችሁትን መስመር ሊነካባችሁ ይችላል፤ ከኮሜንቶቹ (ለሰው ከተጻፉት ማስታወሻዎች) ጋር ደግሞ ብዙ ጊዜ ተሰናበቱ።

የጃቫን ፕሮፐርቲስ ፋይልም በዚሁ ላንሳ። በቋንቋው መደበኛ መንገድ አንብባችሁ ስታስቀምጡት ኮሜንቶቹ ይጠፋሉ፤ አናቱ ላይ ደግሞ የተጻፈበት ቀንና ሰዓት በኮሜንት መልክ ይጨመርበታል። ከአንድ ኮድ ሁለት ጊዜ ቢልድ አድርጋችሁ ውጤቱ ባይት በባይት አንድ እንዲሆን ለምትፈልጉ ይህች አንድ መስመር ሁሉን ታበላሻለች። ቢልዱ ውስጥ ሰዓት መግባት ካለበት የሪፕሮዱሲብል ቢልድስ ሰዎች የተስማሙበት የኤንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ለፕሮግራም ከውጭ የሚሰጥ ዋጋ) አለ፤ ከ1970 መባቻ ጀምሮ የተቆጠረ የሰከንድ ቁጥር ይይዛል፣ መሣሪያዎቹ በወቅቱ ሰዓት ፋንታ እሱን ያነባሉ።

ከሁሉ የምወደው ምሳሌ ግን የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) የኮንፊግ ፋይል ነው። እዚያ ውስጥ አንድ አማራጭ ሲጠፋ መስመሩ አይሰረዝም፤ በ# ምልክት ይጀምርና «ይህ አልተመረጠም» የሚል ይሆናል። ኮሜንት ይመስላል፣ ግን መረጃ ነው። «ኮሜንቶችን አጽዳ» የሚል ቅን ስክሪፕት ያንን መስመር ቢያጠፋው ሲስተሙ አማራጩን አዲስ አድርጎ ያየዋል፤ ነባሪው ዋጋ «በርቷል» ከሆነም ያጠፋችሁት አማራጭ ተመልሶ ይበራል። ከርነሉ ራሱ ይህን ፋይል ከስክሪፕት የሚቀይር ትንሽ መሣሪያ ይዞ ይመጣል። መሣሪያው አማራጩ ትርጉም ይስጥ አይስጥ አይመረምርም፤ የተባለውን ይጽፋል። ቀጥሎ የሚሄደው ትእዛዝ ፋይሉን ከደንቡ ጋር ያስታርቀዋል፤ የሚያስፈልገው ሌላ አማራጭ ያልበራለትን አማራጭም ሳያማክራችሁ ያወጣዋል። «አብራ» ብላችሁ የጻፋችሁት ነገር ከሁለት ትእዛዝ በኋላ የለም። ስለዚህ እዚህ ቤት ከመቀየር በፊት መቁጠር አይበቃም፤ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ የመጨረሻውን ፋይል ከፍታችሁ የፈለጋችሁት አማራጭ እዚያ መኖሩን ፈትሹ። ይህን ፍተሻ ለሌላውም ፋይል ሁሉ ብታደርጉት አይከፋም፦ የቢልዱን ውጤት ክፈቱ፣ ኮንፊጉን ፕሮግራሙ በሚያነብበት ፓርሰር አንብቡት፣ ዋጋውን አወዳድሩ።

የትኛውን ፋይል ነው የምትቀይሩት? እዚህ ላይ አቋሜ ግትር ነው፦ ጊት (የኮዱ ታሪክ መያዣ) ውስጥ ያለውን ፋይል ቢልዱ አይንካው። ከነካው ከቢልድ በኋላ የሥራ ፎልደራችሁ «የተቀየረ ፋይል አለ» ይላል፤ አንዱ ሳያየው ኮሚት ያደርገዋል (ወደ ጊት ያስገባዋል)፤ የፕሮዳክሽን (የዋናው ሰርቨር) አድራሻ የሁሉም ዴቨሎፐር ማሽን ላይ ይወርዳል። ሁለተኛው ቢልድ ደግሞ የሚጀምረው ከተቀየረው ፋይል ነው። መስመር ከሥር የሚጨምር ስክሪፕት ከሆነ በየቢልዱ አንድ መስመር ይደራረባል።

መንገዱ ከጥንት የታወቀ ነው። የቢልድ አዘጋጁ አውቶኮንፍ ከ1991 ጀምሮ የሚያደርገውን አድርጉ፦ ጊት ውስጥ ቴምፕሌት (የሚሞላ ቅጽ) ይቀመጣል፣ የሚሞላው ቦታ በሁለት @ መካከል ይጻፋል፣ ቢልዱ ሞልቶ ውጤቱን ሌላ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ሌላው የቢልድ መሣሪያ ሲሜክም ይህንኑ ያደርጋል። ጥቅሙ ቴምፕሌቱ ራሱ መለወጥ ያለበትን ቦታ ማወጁ ነው፤ ፋይሉን የሚከፍት ሰው @ን ሲያይ «ይህን ቢልዱ ይሞላዋል» ብሎ ይጠነቀቃል። ፍተሻውም ቀላል ነው፤ ከሞላችሁ በኋላ ውጤቱ ውስጥ ያልተሞላ ቦታ ያዥ ፈልጉ፣ አንድ ከተገኘ ቢልዱ ይውደቅ። ከጂኤንዩ ጌትቴክስት ጋር የሚመጣውን ኤንቭሰብስት የምትጠቀሙ ግን ይህ ፍተሻ አያድናችሁም። እሱ ያልተሰጠውን ቫሪያብል በባዶ ጽሑፍ ይተካል። ኤንጂንኤክስ በሚባለው የዌብ ሰርቨር ኮንፊግ ላይ ስትለቁትማ የኤንጂንኤክስን የራሱን የዶላር ቫሪያብሎች ሁሉ ይበላቸዋል። የሚተካቸውን ቫሪያብሎች ስም በዝርዝር ስጡት፤ ከዚያ ሌላውን አይነካም።

እዚህ ላይ የነባሩ ቢልድ መሣሪያ የሜክ ጉዳይ ይመጣል። ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 ሜክን ሲሠራ «ይህ ፋይል እንደገና ይሠራ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በፋይሉ ሰዓት እንዲመልስ አደረገው፤ ብዙዎቹ የቢልድ መሣሪያዎች ዛሬም እንደዚያው ናቸው። ቢልዳችሁ ሁልጊዜ የኮንፊግ ሄደሩን (ሌላው ኮድ የሚጠራውን የቅንብር ፋይል) እንደ አዲስ የሚጽፍ ከሆነ፣ ይዘቱ ምንም ባይለወጥ እንኳ ሰዓቱ ይታደሳል፣ እሱን የሚጠራ ኮድ ሁሉ እንደገና ኮምፓይል ይሆናል። አውቶኮንፍ ይህን ስለሚያውቅ አዲሱን ይዘት ከአሮጌው ጋር አወዳድሮ አንድ ከሆነ ፋይሉን ሳይነካ «አልተለወጠም» የሚል መልእክት ያወጣል። የራሳችሁን ስክሪፕት ስትጽፉም ውጤቱን መጀመሪያ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ጻፉ፣ አወዳድሩ፣ ከተለየ ብቻ ስሙን ቀይራችሁ በዋናው ቦታ አስቀምጡት። ስም መቀየሩ እዚያው ፋይል ሲስተም ላይ ከሆነ በአንድ ጊዜ የሚፈጸም ነው፤ መሀል ላይ ቢልዱ ቢቋረጥ ግማሽ የተጻፈ ኮንፊግ አይተርፍም።

ቅደም ተከተልም ይታሰብበት። ዲጂታል ፊርማ ያረፈበትን ጥቅል ከፊርማው በኋላ መንካት ፊርማውን ያበላሻል። ማስተካከያው ከፊርማው ይቅደም፤ አለቀ።

የመጨረሻው ነጥቤ ትንሽ ራሴን የሚቃረን ሊመስል ይችላል። ቢልድ ላይ የምትቀይሩት ነገር ብዛቱ ራሱ ያስፈራኛል። የክላውድ አገልግሎት ሰጪው የሄሮኩ መሐንዲሶች በ2011 ባወጡት መመሪያ ከቦታ ቦታ የሚለያይ ኮንፊግ ከኮዱ ወጥቶ በኤንቫይሮንመንት ቫሪያብል ይግባ ብለዋል። ቫሪያብሉ ላይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ ብዙ ሲሆኑ ማን ምን እንደሰጠ ማወቅ ያስቸግራል። ከኮዱ ይውጣ የሚለው ግን ልክ ነው። ለመሞከሪያ አንድ ቢልድ፣ ለፕሮዳክሽን ሌላ ቢልድ ስትሠሩ የፈተናችሁት ፕሮግራምና የምታወጡት ፕሮግራም ሁለት ናቸው። የቨርዥን ቁጥር፣ የሚካተቱ ክፍሎች፣ የሚሠራበት ፕላትፎርም የቢልድ ጉዳዮች ናቸው። የሰርቨር አድራሻ ፕሮግራሙ ሲነሳ ይሰጠው። የይለፍ ቃል ደግሞ በጭራሽ ቢልድ አጠገብ አይድረስ። የኮንቴይነር ኢሜጅ (ፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው ጋር በሌየር፣ ማለትም በንብርብር፣ የሚታሸግበት ጥቅል) ሲሠራ የይለፍ ቃል ያለበት ፋይል ገብቶ በቀጣዩ ትእዛዝ ቢጠፋ ከላይኛው ሌየር ላይ ነው የጠፋው፤ ከታችኛው ሌየር ኢሜጁን ያገኘ ሁሉ ያወጣዋል።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ልጨምር።

አንዲት ተሳታፊ «ፋይሉ የኛ ባይሆንስ? ከሌላ ጥቅል ጋር የመጣ ከሆነ ቴምፕሌት ልናደርገው አንችልም» አለችኝ። ትክክል ነው። በመጀመሪያ ፕሮግራሙ ተጨማሪ ፋይል ያነብ እንደሆነ እዩ፤ ብዙዎቹ የሊኑክስ አገልግሎቶች ከዋናው ፋይል ሌላ ትንንሽ ፋይሎች የሚቀመጡበት ፎልደር አላቸው፣ የናንተን እዚያ ስታስቀምጡ ዋናውን መንካት አይኖርም። ይህ ከሌለ ኦጊያስ የሚባለውን የኮንፊግ ማስተካከያ መሣሪያ ሞክሩ። የየፋይሉን ሰዋስው ስለሚያውቅ ፋይሉን እንደ ዛፍ ያሳያችኋል፤ የቀየራችሁትን ብቻ ቀይሮ ኮሜንቱንና አቀማመጡን ባለበት ይተዋል። እሱም ካልሆነ ፓች። ጥቅሉ አዲስ ቨርዥን ሲያወጣ ፓቹ ላይገጥም ይችላል፤ ያን ጊዜ ቢልዱ ቆሞ ሰው ይጠራል። የምንፈልገውም እሱን ነው።

ሌላው ተሳታፊ ዓመታት ያስቆጠረ ቢልድ እንዳለው፣ ውስጡም በሴድ መስመር እንደተሞላ ነግሮኝ «ከየት ልጀምር?» አለ። ሁሉም ፈርሶ እንደ አዲስ አይጻፍ። መጀመሪያ ዛሬ የሚወጡትን የኮንፊግ ፋይሎች ቅጂ አስቀምጥ፤ የምታደርገው ለውጥ ሁሉ ከነሱ ጋር ይወዳደር። ከዚያ «ፈልግ፣ ቁጠር፣ ተካ» የሚል አንድ ፈንክሽን ጻፍና እያንዳንዱን የሴድ መስመር በሱ ቀይር፤ ሌላ ነገር አትንካ። ምንም የማያገኙት መስመሮች ያኔ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። አንድ በአንድ በጊት ታሪክ ማን መቼ ለምን እንደጨመራቸው እይ። ምክንያቱ ከተገኘና ዛሬም ካለ መስመሩን አስተካክለው። ምክንያቱን የሚያስታውስ ሰውም የኮሚት መልእክትም ከጠፋ መስመሩን ለብቻው በአንድ ኮሚት አጥፋው፣ መልእክቱ ላይም «ምንም ሲቀይር አልነበረም» ብለህ ጻፍ።